ለሁለት የሚሆን ካያክ፦ ጣና ላይ ለሚቀዝፉ ጥንዶች የትኛው ይሻላል?

ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ቀላል ጀልባ) ሊገዙ ያሰቡ ባልና ሚስት መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋውንና ፍጥነቱን ነው። እኔ ግን ከኋላ የሚቀመጠው ሰው እግሩን የት እንደሚያደርግ አስቀድማችሁ ጠይቁ እላለሁ። እግር ተደላድሎ የሚገፋው ነገር ካጣ ሸክሙ ሁሉ ወገብ ላይ ይወድቃል፤ ወገብ ካመመ ደግሞ ሽርሽሩ አበቃ።

እዚህ ከማነጻጽራቸው ሦስት ካያኮች ርካሹ ኢንቴክስ ኤክስፕሎረር ኬ2 ነው። በአየር የሚነፋ ሲሆን ርዝመቱ 3.12 ሜትር፣ ወርዱ 91 ሳንቲሜትር ነው። ክብደቱ 15 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ 23 ኪሎ በሚፈቀድለት ሻንጣ ይዞት ይገባል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው አልጋ ሥር ይቀመጥለታል፤ ሐይቁ ዳር ለማድረስም ባጃጅ ይበቃል። ጉዱ የሚታየው ሲቀመጡበት ነው። የጎኑ ቱቦዎች ወፍራም ስለሆኑ ውስጡ ጠባብ ነው፤ ኋላ የተቀመጠው ረጅም ከሆነ ጉልበቱ የፊተኛዋን መደገፊያ ይነካል። እግር የሚረግጠው ነገር ስለሌለም ሰውነት ቀስ በቀስ ወደፊት ይንሸራተታል። አብሮት የሚመጣው መቅዘፊያ 218 ሳንቲሜትር ነው፤ ለዚህ ወርድ ያጥራል። ጣት ከቱቦው ጋር ይፋተጋል፣ ውሃውም ጭን ላይ ይንጠባጠባል። 230 ወይም 240 የሚሆን ቢፈልጉለት ይሻላል። የመጫን አቅሙ 180 ኪሎ ነው፤ እሱ 80፣ እሷ 65 ቢመዝኑ ለውሃ፣ ለምሳና ለቦርሳ 35 ኪሎ ይቀራል ማለት ነው። በቂ ነው፤ ልጅ ለመጨመር ግን አይመችም።

ንፋሱንም አስቡበት። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ንፋሱ ይነሳል፣ ሞገዱም ይከተላል። ቀላልና ከውሃው በላይ ከፍ ያለ ካያክ ደግሞ ንፋስ እንደ ልቡ ይነዳዋል። ከሥሩ የምትሰካውን ክንፍ የረሳማ ባለበት ይሽከረከራል።

ኦሽን ካያክ ማሊቡ ቱ ጠጣር ፕላስቲክ ነው፦ 3.66 ሜትር፣ 86 ሳንቲሜትር ወርድ፣ 26 ኪሎ ገደማ። ለእኔ ከሦስቱ ምቹው ይህ ነው። ተረከዝ የሚያርፍባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች በተለያየ ርቀት አብረው ስለተቀረጹ አጭርም ረጅምም እንደ ቁመቱ እግሩን ያሳርፋል፤ እግር ሲገፋ ወገብ እፎይ ይላል። መሐል ላይ ሦስተኛ መቀመጫ ስላለው አንዱ ካልመጣ ሌላው ብቻውን ይቀዝፋል። የዳርቻው ጥቁር ድንጋይም ቢጭረው እንጂ አይቀደውም። በሌላ በኩል ክፍት ስለሆነና ውሃ የሚያስወጡት ቀዳዳዎች ውሃም ስለሚያስገቡ መቀመጫ መርጠቡ አይቀርም። ለማስቀመጥ ግቢ፣ ለማጓጓዝ ፖርቶመጋላ ያለው መኪና ይጠይቃል። በሻንጣ የሚመጣም አይደለም።

ሦስተኛው አድቫንስድ ኤለመንትስ አድቫንስድፍሬም ኮንቨርቲብል ነው። ይህም ይነፋል፤ ፊትና ኋላው ላይ ግን የአሉሚኒየም ዘንግ ስላለው ውሃውን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። 4.6 ሜትር በመርዘሙ ሁለቱ ሰዎች ጉልበትና ጀርባ አይጋፉም። መደገፊያውም ከኤክስፕሎረሩ እጅግ ይበልጣል። ሆኖም 24 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከሻንጣው ልክ ትንሽ ያልፋል፤ ዋጋውም ጠንከር ይላል። ውጫዊ ልባሱ ውሃ ስለሚይዝ ሳይደርቅ ከታጠፈ፣ በተለይ በክረምት፣ ይሻግታል።

ሁለቱም የሚነፉት ፀሐይ ላይ ሲውሉ ውስጣቸው ያለው አየር ይለጠጣል። ለምሳ ወጥታችሁ ዳር ላይ ስትተዉት ትንሽ አየር አስተንፍሱለት።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር፦ ከበድ ያለው ከኋላ ይቀመጥ። የቅዝፈቱን ምት የምትወስነው ከፊት ያለችው ናት፤ አቅጣጫ መያዝ የኋለኛው ሥራ ነው። ስለዚህ ከኋላ ሆኖ «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!» እያለ የሚጮህ ባል የሚያዘው ራሱን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ዳርቻ ብዙም ሳይርቁ ለመንሸራሸር ኤክስፕሎረሩ ረጅም መቅዘፊያ ከተጨመረለት ይበቃል። ግቢና መኪና ያላችሁ ማሊቡን ውሰዱ። ዘጌ ድረስ ለመቅዘፍ የሚመኙ፣ ግን የሚኖሩት ፎቅ ላይ የሆኑ ጥንዶች ገንዘቡ ከበቃቸው አድቫንስድፍሬሙ ላይ ቢያወጡት አይቆጩም። የትኛውንም ብትይዙ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ጉማሬ ስላለ ገና ሳይነጋ ደንገሉን ታካችሁ አትሂዱ። ብልሃርዝያም ስላለ ሳር የበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፤ ካያኩን ስትገፉ ቦቲ አድርጉ።

ላይፍ ጃኬት ከሦስቱ ከአንዱም ጋር አይመጣም፤ ለብቻው ይገዛል። ስትመርጡ የጀርባው ስፖንጅ ከፍ ብሎ ትከሻ አካባቢ የሚቀር ይሁን። እስከ ወገብ የሚወርደው ወንበሩ መደገፊያ ላይ እየተጫነ ወደፊት ይገፋችኋል።