ተጣጣፊ የፊልም ካሜራ፦ ርካሹ ለምን ረከሰ፣ ውዱስ ለምን ተወደደ?

ከአግፋ ኢዞሌት፣ ከፎይግትሌንደር ፔርኬዮ፣ ከዛይስ ሱፐር ኢኮንታና ከሶቪየቱ ሞስክቫ-5 አንዱን ለመምረጥ የሚያስብ ሰው ከሌንሱ በፊት ወናፉን ይመልከት። ሌንሱን ከካሜራው አካል ጋር የሚያገናኘው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈው ጥቁር ክፍል ማለት ነው።

ከአራቱ ብዙውን ጊዜ ርካሹ ኢዞሌት ነው፤ ምክንያትም አለው። የአግፋ ወናፍ ማዕዘኖቹ ላይ በቀላሉ ይበሳል። ጨለማ ክፍል ገብተው ትንሽ የእጅ ባትሪ ውስጡ ያብሩና ወናፉን በቀስታ እያንቀሳቀሱ ከውጭ ይዩ፤ ብርሃን ካፈተለከ ፊልሙም ይቃጠላል። ሁለተኛው ችግር ርቀት ማስተካከያው ቀለበት ላይ ያለው አረንጓዴ ቅባት ነው፤ እንደ ሙጫ ስለሚደርቅ ቀለበቱ አልዞር ይላል። በኃይል አያዙሩት። ወናፍ ማስቀየሪያውና የጥገናው ወጪ ሲደመር ርካሽነቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ሶሊናር ሌንስ ያለው ከተገኘ ግን ወጪው አይቆጭም፤ ባለ አራት ብርጭቆ ነው፣ ሌሎቹ የኢዞሌት ሌንሶች፣ አግናርና አፖታር፣ ባለ ሦስት ናቸው።

ሱፐር ኢኮንታ የሚወደደው ርቀት መለኪያው ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው፤ በመስኮቱ የሚታዩትን የአንድ ነገር ሁለት ምስሎች ሲገጥሙ ሌንሱም አብሮ ይስተካከላል። ኢዞሌት 3 ላይ ለብቻው ይለካል፣ ቁጥሩን ወደ ሌንሱ የሚያዛውሩት እርስዎ ነዎት። በቅርብ ሰው ለሚያነሳ ልዩነቱ ትልቅ ነው። መልክዓ ምድር ለሚያነሳ ግን ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም፦ 75 ሚሊሜትር ሌንስ የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው በኤፍ 11 ተደርጎ ርቀቱ 10 ሜትር ላይ ከተደረገ ከ5 ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለዚህ ኪስ የሚገባው ፔርኬዮ፣ በተለይ ከለር-ስኮፓር ሌንስ ያለው፣ ይበቃል።

ከ1956 እስከ 1960 የተመረተው ሞስክቫ-5 የተያያዘ ርቀት መለኪያ አለው፤ 6 በ9 ሴንቲሜትር ስለሚያነሳ 120 ከሚባለው ሰፊ ፊልም አንድ ጥቅል 8 ፎቶ ብቻ ይወጣል። በ6 በ6 ግን 12 ነው። ሌንሱን የያዘው የፊት ክፍል ከተወላገደ የፎቶው አንድ ጎን ይደበዝዛል፤ ከፍተው በጣት ነካ ሲያደርጉት መወዛወዝ የለበትም።

ሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ክፍል፣ በ1 ሰከንድ ይሞክሩት፤ መሃል ላይ ከቆመ ቅባቱ ደርቋል። ፊልሙንም ካሜራውን ከከፈቱ በኋላ ያዙሩ፤ ወናፉ ሲዘረጋ አየር ስለሚስብ ፊልሙን ከቦታው ያጎብጠዋል።