አንድ ስም፣ ሦስት ኮርስ፦ የአንደኛ ዓመት ካልኩለስ ለቢዝነስ፣ ለኢንጂነሪንግና ለባዮሎጂ ተማሪዎች

ዩኒቨርሲቲዎች ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚሰጡት ካልኩለስ (ለውጥንና ክምችትን የሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ) በስም አንድ ይምሰል እንጂ በተግባር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ኮርሶች ነው፤ አንዱ ለቢዝነስና ለኢኮኖሚክስ፣ ሌላው ለኢንጂነሪንግና ለፊዚክስ፣ ሦስተኛው ለባዮሎጂና ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀ። ሦስቱንም በቅርብ የማየት አጋጣሚ ነበረኝ። ትምህርቴን የጀመርኩት በቢዝነሱ ነው፤ የትምህርት ክፍል ስቀይር የኢንጂነሪንጉን ከሀ እንድጀምር ተደረግሁ፤ ከዚያም ለሁለት ሴሚስተር ለባዮሎጂ ተማሪዎች ቱቶሪያል ሰጥቻለሁ። በዚህ ግምገማ የማተኩረው የትኛው ኮርስ ይቀላል በሚለው ላይ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ኮርስ ለተማሪዎቹ እንዲስማማ ሲባል ምን እንደተቀነሰለትና የተቀነሰው ነገር ተማሪውን ቆይቶ ምን እንደሚያስከፍለው በማሳየት ላይ ነው።

የቢዝነሱ ኮርስ ትልቁ መልካም ጎን ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም አንድ ነገር ሲለወጥ ሌላው የሚለወጥበት መጠን፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሳየቱ ነው። የአንድ ፋብሪካ ቋሚ ወጪ 1000፣ በእያንዳንዱ ዕቃ የሚጨመረው 20 ነው እንበል፤ በዚህ ላይ የዕቃው ብዛት በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር በ0.1 ተባዝቶ ይደመራል። ምርቱ 100 ሲደርስ የወጪው ዴሪቬቲቭ 40 ይሆናል፤ ኮርሱም ይህን ማርጂናል ኮስት ብሎ «የሚቀጥለው አንድ ዕቃ የሚያስወጣው ወጪ» በማለት ይተረጉመዋል። ይሁን እንጂ የ100 ዕቃ ጠቅላላ ወጪ 4000፣ የ101 ዕቃ ደግሞ 4040.1 ስለሆነ ትክክለኛው ጭማሪ 40.1 ነው። ይህች 0.1 ከየት መጣች ብሎ የጠየቀ ተማሪ ዴሪቬቲቭ በአንዲት ነጥብ ላይ ያለ የለውጥ መጠን እንጂ የአንድ ሙሉ እርምጃ ልዩነት እንዳልሆነ በዚያው ይረዳል። እኔ በተማርኩበት ክፍል ግን ጥያቄው አልተነሣም፤ ፎርሙላው ተሰጠ፣ ሃያ ጥያቄ ተሠራ፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ታለፈ። ለፈተናው በቂ ነበር፤ ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ፤ ዴሪቬቲቭ ምን እንደሆነ በትክክል የገባኝ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ትሪጎኖሜትሪ ሙሉ በሙሉ መቅረቱ ነው። ምክንያት ሆኖ የሚቀርበው ሳይንና ኮሳይን ለንግድ አያገለግሉም የሚል ነው፤ ይህ አባባል ሽያጭ በየወቅቱ ከፍ ዝቅ እያለ የሚመላለስ መሆኑን የዘነጋ ነው። የሚያስከትለው መዘዝም ከዚህ ይሰፋል፤ ትሪጎኖሜትሪ የሌለበት ካልኩለስ በአብዛኛው ለሁለተኛው ካልኩለስ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ ስለማይቆጠር፣ ሐሳቡን የቀየረ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ይባክንበታል። ይህን ሲመዘገብ የሚነግረው ሰው ከሌለ ደግሞ የሚያውቀው እንደ እኔ የትምህርት ክፍል መቀየሪያ ፎርም ሲሞላ ነው። ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የሚሰጠው ጠንከር ያለ ዓይነት ከዚህ ነቀፌታ በከፊል ይድናል፤ ብዙ ተለዋዋጭ ያላቸውን ፈንክሽኖችና የላግራንዥን ዘዴ (እንደ በጀት ያለ ገደብ እያለ የተሻለውን ውጤት መፈለጊያ) ይጨምራልና። በዚያ ዘዴ የሚገኘው ተጨማሪ ቁጥር፣ በጀቱ በጥቂቱ ቢጨምር የሚገኘው ጥቅም በምን ያህል መጠን እንደሚያድግ መናገሩ ደረቅ የሚመስለውን ስሌት ወዲያው ትርጉም ይሰጠዋል።

የኢንጂነሪንጉ ኮርስ በይዘት ሙሉ ነው፤ ሊሚት (አንድ ፈንክሽን የሚጠጋው ዋጋ)፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንቴግራል (ከግራፍ ሥር ያለ ስፋት) እና እሱን የማስላት ማለትም የኢንቴግሬሽን ዘዴዎች፣ ከዚያም ተከታታይ ድምሮች (ማለቂያ የሌላቸው ቁጥሮች ድምር) ይሸፈናሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ከታሪኩ ተገልብጧል። ኒውተንና ላይብኒትስ ካልኩለስን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲያበጁ የሊሚት ጥብቅ ትርጉም አልነበራቸውም፤ ትርጉሙ መልክ መያዝ የጀመረው በ1820ዎቹ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በኮሺ እጅ ሲሆን ዛሬ በየክፍሉ የሚጻፈውን ቅርጽ የያዘው ደግሞ በጀርመናዊው በቫየርሽትራስ ነው። ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀባቸውን ነገር የ18 ዓመት ተማሪ ጥቅሙን ሳያይ በሁለተኛው ሳምንት እንዲውጠው ይጠየቃል። ጥብቅ ትርጉም አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ዴሪቬቲቭን በሥራ ላይ ካየ በኋላ ቢቀርብለት ግን ጥያቄው የራሱ ይሆን ነበር። በነገራችን ላይ ታሪኩ ለተማሪ ማጽናኛም አለው፤ የሁለት ፈንክሽኖች ብዜት ዴሪቬቲቭ የሁለቱ ዴሪቬቲቮች ብዜት ይመስለው የነበረ ተማሪ፣ ላይብኒትስ ራሱ በ1675 በማስታወሻው ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ትክክል አለመሆኑን በምሳሌ እንዳረጋገጠ ቢነገረው ያን ያህል አያፍርም።

ሌላው የኢንጂነሪንጉ ድክመት ፍጥነቱ ነው። የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን ነው የሚለው ሕግ የሚሠራው ማዕዘኑ በራዲያን (180 ዲግሪ ፓይ በሚሆንበት መለኪያ) ሲለካ ብቻ ነው፤ በዲግሪ ከተለካ ውጤቱ በፓይ ለ180፣ ማለትም በ0.01745 ገደማ መባዛት አለበት። ራዲያን ለምን እንደተመረጠ የሚያስረዳው ይህ ነጥብ ክፍል ውስጥ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ቢሆንም፣ ጊዜ የለም ተብሎ ስለሚታለፍ ካልኩሌተሩን በዲግሪ እንዳደረገ ወደ ፈተና የሚገባ ተማሪ ሁልጊዜ አይጠፋም። ተከታታይ ድምሮች ሲደርሱ ደግሞ ሴሚስተሩ ስለሚያልቅ፣ ተማሪው አንድ ድምር ወደ አንድ ቁጥር ይጠጋል ወይስ አይጠጋም የሚለውን የሚለይባቸውን መፈተኛዎች ለምን እንደሚፈልጋቸው ሳያውቅ ይሸመድዳል።

ከሦስቱ በአሠራሩ የተደነቅሁበት የባዮሎጂው ነው፤ ይህን ስል እኔም ራሴ እየተገረምኩ ነው፤ ብዙዎቻችን ኮርሱን ከሒሳብ ለሚሸሹ ሰዎች የተዘጋጀ አድርገን እናየው ነበርና። ኮርሱ የሚነሣው ከአንድ ሐሳብ ነው፦ የአንድ ነገር ለውጥ በዚያው ነገር መጠን ልክ ሲሆን ምን ይሆናል? ግማሹ በስድስት ሰዓት ከሰውነት የሚወጣ መድኃኒት በየስድስት ሰዓቱ 100 ሚሊግራም ቢወሰድ፣ ከሁለተኛው በኋላ በሰውነት ውስጥ 150፣ ከሦስተኛው በኋላ 175፣ ከአራተኛው በኋላ 187.5 ሚሊግራም ይኖራል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ይጨምራል፤ 200ን ግን አያልፍም። ቱቶሪያል ላይ ይህን ሠንጠረዥ ጽፌ ስጨርስ አንዲት የነርሲንግ ተማሪ «ታዲያ ቶሎ 200 እንዲደርስ ከተፈለገ የመጀመሪያው መጠን እጥፍ አይደረግም?» ብላ ጠየቀች። በሕክምና በአንዳንድ መድኃኒቶች ላይ የሚሠራበት አሠራር ይኸው ነው፤ እሷ ግን ከማንም ሳትሰማ ከድምሩ አወጣችው። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጨረሻ በጥድፊያ የሚያልፉት የጂኦሜትሪክ ድምር (እያንዳንዱ ቁጥር ከፊተኛው በአንድ ቋሚ ቁጥር እየተባዛ የሚገኝበት) ይህ ራሱ ነው።

ኮርሱ ከዚያ ተነሥቶ ቤልጂየማዊው ቬርሁልስት በ1838 ወዳቀረበው የሕዝብ ብዛት እኩልታ ይሸጋገራል፤ እድገት መጀመሪያ ይፋጠናል፣ አካባቢው ሊሸከም ከሚችለው ግማሽ ላይ ሲደርስ ከፍተኛ ፍጥነቱን ይይዛል፣ ከዚያ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ተማሪው እኩልታውን በፎርሙላ ከመፍታቱ በፊት የለውጡን ምልክት ብቻ በማየት ግራፉን እንዲስል መደረጉ፣ ሌሎቹ ኮርሶች የማይሰጡትን የማስተዋል ልምድ ይሰጠዋል።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። የኢንቴግሬሽን ዘዴዎች እጅግ ተቀንሰዋል፤ አብዛኛው ስሌት ለኮምፒውተር ይተዋል። በኖርማል ስርጭት (በስታቲስቲክስ በሚታወቀው የደወል ቅርጽ) ግራፍ ሥር ያለው ስፋት ለምን በሠንጠረዥ ወይም በኮምፒውተር እንደሚፈለግ፣ ማለትም በተለመዱት ፈንክሽኖች የሚጻፍ አንቲዴሪቬቲቭ (ዴሪቬቲቩ መልሶ ያንኑ ፈንክሽን የሚሰጥ ፈንክሽን) እንደሌለው፣ ሊነገር የሚገባው እዚህ ነበር፤ ያስተማርናቸው ተማሪዎች ስታቲስቲክስ ሲወስዱ በሠንጠረዡ የሚጠቀሙት ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው ነው።

የሒሳብ ትምህርት ክፍል ለራሱ ተማሪዎች የሚሰጠውን በማረጋገጫ ላይ የተመሠረተ ኮርስ ስላልወሰድኩት አልገመግምም። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ግን አንድ ነገር መናገር ይቻላል፤ ዲስክሪት ሒሳብ (በተናጠል የሚቆጠሩ ነገሮች ሒሳብ) ይበቃል የሚለው ምክር ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የማድረግ ዘርፍ) ላይ ሲደርሱ አይሠራም፤ የስህተትን መጠን ደረጃ በደረጃ የሚቀንሰው ዘዴ ከዴሪቬቲቭ ውጭ አይታሰብም።

በሦስቱም ኮርሶች የወደቁ ተማሪዎችን ወረቀት ሳርም ያየሁት ስህተት ግን አንድ ዓይነት ነው፤ እሱም ከካልኩለስ የመጣ አይደለም። የድምር ካሬ የካሬዎች ድምር ተደርጎ ይጻፋል፣ ከክፍልፋይ ላይ የማይሰረዝ ይሰረዛል፣ ሎጋሪዝም በድምር ላይ ይበተናል። ዴሪቬቲቩ ትክክል ሆኖ ቀጣዩ የአልጀብራ መስመር ያበላሸዋል። ከሦስቱ ኮርሶች ለዚህ ጊዜ የመደበው የባዮሎጂው ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለክለሳ ተለይተው አጭር ፈተና ይሰጥባቸዋል፣ ያላለፈም እስኪያልፍ ይደግመዋል።

የትምህርት ክፍሉን በእርግጠኝነት ያልመረጠ ተማሪ ቢጠይቀኝ፣ ፍጥነቱ ቢከብድም የኢንጂነሪንጉን እንዲወስድ እመክረዋለሁ፤ ከእሱ ወደ ሌሎቹ መሻገር ይቻላል፤ ከሌሎቹ ወደ እሱ ግን በአብዛኛው አይቻልም። ቢዝነስን የመረጠ ደግሞ ከመመዝገቡ በፊት አንድ ጥያቄ ለትምህርት ክፍሉ ያቅርብ፦ ይህን ኮርስ ያለፈ ተማሪ ሁለተኛውን ካልኩለስ መውሰድ ይችላል ወይስ አይችልም? መልሱን በጽሑፍ ቢቀበል ይሻላል፤ ለእኔ በቃል የተነገረኝ «ይቻላል» የሚል ነበር።