የልጄን አስጠኚ ላመስግን፣ ለምትፈልጉም ልጠቁም

ሰላም ወላጆች። አስጠኚ ፍለጋ ለተቸገራችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ ነው፣ በዚያውም እሳቸውን ላመስግን። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

ልጄ 5ኛ ክፍል ናት። ጥር ላይ እህቴ ባህር ዳር ስታገባ በአውሮፕላን ሄድን፣ ለልጄ የመጀመሪያዋ ነው። ከትምህርት ቤት 3 ቀን ልትቀር ስለሆነ ጭንቅ ጥብብ አለኝ፣ በተለይ ደግሞ ሒሳብ ሲባል ሆዴን አመመኝ የምትል ልጅ ናት። ቤት እየመጡ የሚያስጠኗት መምህር (ጡረታ የወጡ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ያስተማሩ) ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ትምህርቱ በራሱ ክንፍ አውጥቶ መጥቶላት ቀረባት ትያለሽ?»

ከጉዞው በፊት ባለው ማክሰኞ አትላስና ክር ይዘው መጡ። ልጄ ክሩን ከአዲስ አበባ ባህር ዳር ቀጥ አድርጋ ዘረጋች፣ በማስመሪያ ለካች፣ በካርታው መስፈርት አባዛች። ወደ 330 ኪሎ ሜትር መጣ። ከዚያ ያንኑ ክር በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና መንገዱ ላይ እያጠማዘዘች ለካች። የመኪናው መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የእሷ ግን ከዚያ አነሰ። ተሳሳትኩ ብላ ልታለቅስ ስትል «አልተሳሳትሽም፣ ይቺ ትንሽ ካርታ የአባይ በረሃን ጠመዝማዛ ሁሉ ከየት አምጥታ ታሳይሽ?» አሏት። ይሄን እኔም አስቤው አላውቅም።

ቲኬቱንም ሒሳብ አደረጉት። 07:10 የሚለው በእኛ ስንት ሰዓት ነው? 6 ቀንሺ፣ 1:10። ቀላል ነው እንዳትሉ፣ እኔ ራሴ አምና በዚሁ ሰዓት ነገር አውሮፕላን አምልጦኛል።

በመጨረሻ ደብተሯ ላይ 5 ጥያቄ ጻፉላት፣ 5 ብቻ። ለእኔም «መስኮት ጋ አስቀምጫት፣ ከዚያ ዝም በያት» ብለው ሄዱ።

መስኮቱን አገኘን፣ ግን ዘግይቼ ስለመጣሁ የደረሰን ወንበር ክንፉ ሥር ነው፣ ሞተሩ ግማሹን እይታ ጋርዶታል። ተበሳጨሁ። ለካስ ከሁሉ የተሻለው ቦታ እሱ ነበር! የተሳፈርንባት ኪው 400 የምትባል ባለፕሮፔለር አውሮፕላን ክንፏ ከመስኮቱ በላይ ነው፣ የኋላ ጎማዎቿም ወደ ሞተሮቹ ሆድ ነው የሚታጠፉት። ልጄ ጎማው መሬት ሲለቅ፣ ሲታጠፍና ክዳኑ ሲዘጋበት አፏን ከፍታ አየች። ፕሮፔለሩ ሳይነሳ 6 ምላጭ ቆጥራ ነበር፣ 360ን ለ6 አካፍላ በሁለት ምላጮች መካከል 60 ዲግሪ ብላ ጻፈች። ማንም ሳያዛት እኮ ነው።

አንዱ ጥያቄ «ፀሐይ በየት በኩል ነች? አውሮፕላኑስ ወዴት እየሄደ ነው?» የሚል ነበር። ጠዋት ነው፣ ፀሐይዋ በቀኛችን ገብታ ዓይናችንን ወጋችን፣ ስለዚህ ፊታችን ወደ ሰሜን ነው። ቀጥሎ የአባይ ሸለቆ መጣ። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ገደል ከላይ ሲታይ እንደ ተሰነጠቀ ዳቦ ነው፣ ወንዙ ታች እንደ ክር ቀጥኗል። ከዚያ የጎጃም ደጋ፣ የጮቄ ተራራ፣ ከዚያ ጣና። ባህር ዳር ላይ ከሐይቁ የሚወጣውን ወንዝ ሳሳያት «ይሄ ደግሞ ማን ነው?» አለች። አባይ ነው። «አሁን አለፍነው አይደል እንዴ?»

የመምህሩ 4ኛ ጥያቄ ይቺው ነበረች፣ አንድ ወንዝ በአንድ በረራ ሁለቴ እንዴት ይታያል? መልሱን ያገኘችው ማታ በአያቷ ቤት ካርታውን ስትስል ነው። አባይ ከጣና ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ጎጃምን ከቦ ይዞርና ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። እናቴ ከጓዳ ሆና «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ስትል ልጄ እየሮጠች ሄዳ «ይዞራል ማለት የእውነት መዞር ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ይሄው ተረትና ምሳሌ የአማርኛ የቤት ሥራዋ ሆነ።

የሳይንሱ ነገር ግን ለእኔም አዲስ ነው። ቺፕስ አውሮፕላን ውስጥ ይነፋል ሲባል ሰምታ ስትጠብቅ የእኛ ብዙም አልተነፋም። መምህሩ በኋላ እንዳስረዷት የካቢኑ አየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ነው የሚስተካከለው፣ ቦሌ ደግሞ መሬት ላይ ሆኖም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቺፕሱ ከመነሻው ተራራ ላይ ነበር ማለት ነው። በተቃራኒው አዲስ አበባ ላይ በደንብ ዘግታ የያዘችው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ባህር ዳር ስንደርስ ጎኑ ገባ ብሏል፣ ከተማው ዝቅ ብሎ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የውጪው አየር ግፊት በርትቶበት ነው። ፕላስቲኩን ሰርጉ ላይ ሳይቀር ይዛ ዞረች።

ጎማው ከተነሳ እስኪነካ 50 ደቂቃ ቆጥራ ነበር። 330ን ለ50 አካፍላ በ60 ስታባዛ በሰዓት 396 ኪሎ ሜትር መጣላት። የአጎቷ ልጅ አውቶቡስ 10 ሰዓት ይፈጃል ሲላት የእሱንም አስልታ «7 እጥፍ ማለት ይቻላል» አለችው። ሆድ ቁርጠት የለ፣ ምን የለ።

ጥፋቴንም ልናገር። ስንመለስ ጎበዝ ሆኜ ራሴ 10 ጥያቄ አዘጋጀሁላት፣ 3ኛው ላይ መጋረጃውን ዘግታ ተኛች። መምህሩ ሰምተው «ሁሉን ትምህርት ካደረግሽው በረራውን ቀማሻት እኮ» አሉኝ። ተቀጣሁ።

እንግዲህ ለምትፈልጉ፦ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያስጠናሉ፣ ቤት ድረስ ይመጣሉ። የቤት ሥራ ሠርተው አይሰጡም፣ የፈተና መልስ ማሸምደድ የምትፈልጉም ባትደውሉ ይሻላል፣ ይቆጣሉ። ታክሲ ሲጠፋ 20 ደቂቃ ሊያረፍዱ ይችላሉ፣ ያረፈዱትን ግን ጨምረው ነው የሚሄዱት። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ስላሉኝ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ዋጋውን ራሳችሁ ተነጋገሩ።

መምህር፣ ልጆችዎ ካነበቡልዎት እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ፕላስቲኳ እስካሁን መደርደሪያ ላይ ናት፣ ማንም አይነካትም ተብለናል።

ማክሰኞና ሐሙስ ግን አትጠይቁ፣ የኛ ናቸው።