ለ1 ኪሎ ማር የሚበቃ ዕቃ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ

ደሴ ውስጥ የጠጅ መጣያ ዕቃ ስትጠይቁ ቶሎ የሚያወጡላችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ካልሆነም በርሜል። ለሰርግ፣ ለክርስትና ቢሆን እሰየው። እኛ ቤት ግን ያለነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ እኔም የምጥለው በ1 ኪሎ ማር ነው። ማር እንዲህ በተወደደበት ጊዜ፣ በተለይ የላስታውን ነጭ ማር ካገኘሁ፣ ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ አልደፍርም። ትንሽ፣ ሽታ የሌለው፣ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ፍለጋ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ብዙ ሱቅ አዳርሻለሁ። ከሁሉም የወደድኩት በሰኞ ገበያ በኩል አንድ አዛውንት የፕላስቲክና የመስታወት ዕቃ የሚሸጡበትን ጠባብ ሱቅ ነው።

"ትንሽ ጠጅ በትልቅ ዕቃ ብትጥይ ምን ይጎዳል?" የሚሉኝ አሉ። በደንብ ይጎዳል። መጀመሪያ ጥንስሱ ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ አረፋውም መነሻ ስለሚፈልግ ባዶ ቦታው ያኔ ጥሩ ነው። ፍላቱ ሲበርድ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ጋዙ ይቀንሳል፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ ጠጁን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ አየር ነው። 3 ሊትር ጠጅ በባለ 20 ጀሪካን ሲቀመጥ 17 ሊትር አየር ታቅፎ ነው የሚያድረው። የአያቶቻችን ጋን ለድግስ እስከ አንገቱ ይሞላ ስለነበር ይህ ጣጣ አልነበረበትም።

ስለዚህ ሁለት ዕቃ ያስፈልጋል። 1 ኪሎ ማር የሚይዘው ቦታ 0.7 ሊትር ያህል ነው። በ3 ሊትር ውሃ ሲበረዝ 3.7 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ የጌሾው እንጨት ሲገባበት ደግሞ ከፍ ይላል። ለመጀመሪያው ፍላት እንግዲህ እጅ የሚያስገባ፣ አፈ ሰፊ ባለ 5 ሊትር ልኩ ነው። ጌሾው ወጥቶ፣ አተላው ከታች ቀርቶ ሲጠልል የሚተርፈው ከ3 ሊትር ብዙ አይርቅም። እሱ እስከ አንገቱ የሚሞላው አፈ ጠባብ ባለ 3 ሊትር ይፈልጋል። ባለ 5 ሊትሩ በየሱቁ አለ። ሰውን የሚያንከራትተው ባለ 3 ሊትሩ ነው።

ወደ ሱቁ ስገባ ሽማግሌው መጀመሪያ የጠየቁኝ "እቴ፣ ምን ልትጨምሪበት ነው?" ብለው ነው። ሌላ ቦታ ይህን የጠየቀኝ ሻጭ የለም። "ለጠጅ ነው ጋሼ፣ ትንሽ ነው የምጥለው" ስላቸው ፊት ለፊት የተደረደረውን ትተው ወደ ኋላ ገቡና ሌላ ይዘው ወጡ። "እኔ የምቀምሰው ብርዙን ብቻ ነው፤ ግን ለብርዝም ሆነ ለጠጅ ዕቃው መሽተት የለበትም። ክደኚውና ትንሽ ቆይተሽ አሽትችው" አሉኝ። ይህን ምክር ለሁላችሁም አስተላልፋለሁ። ክፍት ዕቃ ብታሸቱ ምንም አይነግራችሁም፤ ሽታው የሚታወቀው ተከድኖ ከቆየ በኋላ ነው። የአንዱ ክዳን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ስላለኝ ሳልነግራቸው በፊቴ አይተው ቀየሩልኝ።

ልክም ያስለካሉ። የሊትር ጠርሙስ በውሃ ሞልተው እየገለበጡ ይቆጥሩላችኋል። ባለ 5 ከተባሉት አንዱ እስከ አፉ 4 ሊትር ተኩል ብቻ ሲይዝ ራሳቸው ለይተው አስቀመጡት፤ "ይሄ ለበርበሬ ይሁን" አሉ። በዋጋ ብዙ አይወርዱም። ባለ 5ቱን በ300 ብር ነው የሰጡኝ፤ ሌላ ቦታ ቀነስ ያለ አይቻለሁ። እኔ ግን ጊዜ ሰጥቶ ለሚያስመርጥ ሰው ልዩነቱን በደስታ እከፍላለሁ።

የገዛሁት ባለ 5 ነጭ ፕላስቲክ ነው። ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ 2 ቁጥር አለበት፤ ጎኑ ላይ የብርጭቆና የሹካ ምልክት አለው። ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት ነው የሚናገረው። ለምግብ መሠራቱን የሚነግራችሁ ብርጭቆና ሹካው ስለሆነ እሱን ፈልጉ። በግራዋ በደንብ አጥቡት፣ በሽቦ ግን አትፈትጉት፤ ፕላስቲክ ሲጫር ጭረቱ ውስጥ የሚደበቀው ቆሻሻ አይወጣም። በወይራ ማጠን ለለመደ ሰው ፕላስቲክ ያስቸግራል፣ ከፍም ላይ አይደፋም። እኔ ትንሽ ማሰሮ አጥኜ ብርዙን እዚያ አሳድራለሁ፣ ከዚያ ወደ ፕላስቲኩ እገለብጣለሁ። የወይራው ጠረን አብሮ ይሄዳል።

ባለ 3 ሊትሩ መስታወት ነው፤ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ጠመዝማዛ ክዳን ያለው። በሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ። መስታወት ሽታ አይዝም፣ አየር አያሳልፍም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠጁ ከላይ ወደ ታች ሲጠራ በዓይን ይታያል። አተላው ምን ያህል እንደተኛ እያያችሁ የምትቀዱበትን ቀን ትወስናላችሁ። ብርሃን እንዳይመታው በነጠላ ሸፍኜ ጥግ አስቀምጠዋለሁ። የፈላ ውሃ ግን በድንገት አታፍስሱበት፤ ይሰነጠቃል።

ያልወሰድኳቸውም አሉ። ለጭማቂ ተብሎ የሚሸጠው ባለ ቧንቧ መስታወት በጣም ያምራል፣ ለጠጅ ግን አልመክረውም። ክዳኑ ከላይ ቁጭ ይላል እንጂ አይገጥምም፣ የቧንቧው ውስጥ ደግሞ ለማጠብ አይመችም። የዘይት ጀሪካን ለውሃ እንጂ ለጠጅ አይሆንም፤ ዘይት የጠጣ ፕላስቲክ ሽታውን አይለቅም። የቀለም ባልዲንማ ማንም አያግባባችሁ። የሸክላ ማሰሮ ከተሟሸ ለፍላቱ ጥሩ ነው፣ እወደዋለሁም። ለማቆየት ሲሆን ግን ሸክላ በቀዳዳዎቹ አየር ያሳልፋል፤ ዕቃው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ለያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው የግድግዳ ስፋት ይጨምራል። ለትልቅ ጋን ያላስቸገረው ነገር ለትንሽ ማሰሮ ይከብዳል።

በምንም ዓይነት ዕቃ ቢሆን የሚፈላ ጠጅ ላይ ክዳን አጥብቃችሁ አትዝጉ። 1 ኪሎ ማር ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ቢፈላ ከ200 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል፤ መስታወት ይህን ችሎ አይቀመጥም። እኔ ክዳኑን በስቼ ቀጭን ቱቦ አስገብቼበት ዙሪያውን በሰም ደፍኜዋለሁ። የቱቦው ሌላ ጫፍ ግማሽ ድረስ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፤ ጋዙ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፣ አየር አይመለስም። ለዚህ ሥራ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት፣ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በሜትር የሚቆረጠው ላስቲክ ይበቃል፤ የሚያልፍበት ጋዝ ብቻ ነውና። ጠጁን ለመቅጃ ግን ከፋርማሲ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ግዙ። ባለ 3ቱ ሞልቶ የተረፈችውን ትንሽ ጠጅ በለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጣታለሁ። ጠርሙሱን በእጅ ጫን ሲሉት ከጠነከረ ጋዝ ይዟል ማለት ነው፣ ከፈት አድርጎ ማስተንፈስ ነው።

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትኖሩ ሰዎች ይህን ይበልጥ ተጠንቀቁ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዷም ፍላቱን ያዘገየዋል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ በተመሳሳይ ማርና ጌሾ ጥላ ከእኔ ቀድማ ትጠጣለች፤ አረፋውም ቶሎና በኃይል ስለሚነሳ ባለ 5ቱን እኔ እስከምሞላበት አትሞላውም።

በሱቁ ላይ ቅሬታም አለኝ። የመስታወቶቹ ክዳን ሁልጊዜ አይገኝም፤ አንዳንዴ ዕቃው ኖሮ ክዳኑ የለም፣ ያለ ክዳን ደግሞ ለእኛ ጥቅም የለውም። ባለ 3ቱም ሲመጣ ጥቂት ነው የሚመጣው፤ የሆቴል ሰዎች ቀድመው ይወስዱታል። ሰኞ ሰኞ ሕዝቡ ስለሚበዛ ማሽተቱም መለካቱም አይመችም፣ ሽማግሌውም ፋታ የላቸውም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሂዱ፤ ያኔ ቁጭ ብላችሁ ትመርጣላችሁ። ባለ 10 ሊትር የምትፈልጉ ግን እዚያ አትድከሙ፤ እሳቸው አይዙም፣ ፒያሳ ያሉት የፕላስቲክ ሱቆች ይሻሏችኋል።