ለወፍ አደን ስንት ቁጥር ጥይት? 7½፣ 6 እና 5 በእርሳስ፣ 4 እና 2 በብረት

በአሜሪካ ገበያ የሾትገን (ብዙ ትንንሽ ፍሬ በአንዴ የሚተኩስ ጠመንጃ) ጥይት ቁጥር ባነሰ መጠን ፍሬው ይተልቃል። ቁጥሩን ከ17 ላይ ቢቀንሱ የፍሬው ውፍረት በኢንች መቶኛ ይወጣል፦ 6 ቁጥር 0.11 ኢንች ወይም 2.8 ሚሊሜትር፣ 7½ ደግሞ 2.4 ሚሊሜትር ነው። በአንድ አውንስ (28 ግራም) እርሳስ ውስጥ የ7½ ፍሬ 350 ያህል፣ የ6 ወደ 225፣ የ4 ደግሞ 135 ብቻ ይገባል። ስለዚህ የሚመርጡት ብዙ ቀላል ፍሬ ወይም ጥቂት ከባድ ፍሬ ነው።

ለዋኖስና ለድርጭት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። 1 አውንስ 8 ወይም 7½ ይውሰዱ፤ ዋኖስ ራቅ ብሎ ስለሚበር 7½ ይሻለዋል። በ4 ቁጥር ቢተኩሱ ግን ፍሬዎቹ ተራርቀው ስለሚሄዱ ትንሿ ወፍ በመሀላቸው ሳትነካ ታልፋለች።

ፌዛንት (ረጅም ጭራ ያለው፣ ዶሮ መሰል የዱር ወፍ) ላይ ነገሩ ይከብዳል። ወንዱ በክብደቱ ከእኛ ጅግራ ጋር ይቀራረባል፤ ብዙ ጊዜ የሚመታውም ጀርባውን ሰጥቶ ሲሸሽ ነው። ፍሬው ላባውን፣ ቆዳውንና ሥጋውን አልፎ ሳንባና ልብ መድረስ አለበት። 7½ ከ25 ሜትር ወዲያ ለዚህ አቅም ያንሰዋል፤ ላባ ይበተናል፣ ወፉ ይወድቃል፣ ከዚያ በእግሩ ሮጦ ሣር ውስጥ ይጠፋል። ወቅቱ ሲከፈት ወፎቹ ቅርብ ስለሚነሱ 1¼ አውንስ 6 ቁጥር ይበቃል። ብርዱ ገብቶ ከሩቅ መነሳት ሲጀምሩ 5 ይሻላል፤ ወደ 210 ፍሬ ይይዛል። ብዙዎች 4ን ያወድሳሉ፤ በዚያው ክብደት 170 ያህል ፍሬ ብቻ ስለሚኖረው እኛ ከ5 አናስቀድመውም።

የዱር ዳክዬና ዝይ ሕጉም ሌላ ነው። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው አሜሪካ እነዚህን በእርሳስ ማደን ክልክል ነው፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እርሳስን ከአደን ሁሉ አግዳለች። ርካሹ ምትክ ብረት ነው። ግን ብረት ይቀላል፦ አንዷ የ6 ቁጥር እርሳስ 0.126 ግራም ስትመዝን በመጠን እኩያዋ የሆነች ብረት 0.09 ግራም ብቻ ናት። ስለዚህ በእርሳስ ከለመዱት ሁለት ቁጥር ይተልቁ፤ 6 የነበረው 4 ይሁን። ለዳክዬ አንድ ካርቶን ብቻ የሚገዛ ሰው 2 ቁጥር ይግዛ። 4 የሚያዋጣው ወፎቹ ማታለያው (ውሃ ላይ የሚቀመጥ የዳክዬ ምስል) ላይ ሊያርፉ ሲወርዱ፣ በ30 ሜትር ውስጥ ነው። ለዝይ ቢቢ የሚባለውን መጠን (4.6 ሚሊሜትር) ይያዙ። ቢዝመዝ የተባለው ብረታብረት ከብረት ይከብዳል፣ ለአሮጌ ጠመንጃም ይስማማል፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

ብረት እንደ እርሳስ አይጨመቅም። በፉል ቾክ (ቾክ የአፈሙዙ ጫፍ መጥበቢያ ነው፤ ፉል በጣም የጠበበው) ትልልቅ የብረት ፍሬ መተኮስ አፈሙዙን ሊያሳብጥ ይችላል። ከፉል ሰፋ ያለውን ሞዲፋይድ ይጠቀሙ፤ ቾኩ ላይ ለብረት የሚሆን መሆኑ መጻፉንም ይዩ።

የውጭ አገር ካርቶን ከገዙ ቁጥሩን ሳይሆን ሚሊሜትሩን ያንብቡ፤ የእንግሊዝ 6 ቁጥር 2.6 ነው፣ ከአሜሪካው ያንሳል።

ገዝተው ወደ አደን ከመውጣትዎ በፊት በ36 ሜትር ላይ ሰፊ ወረቀት ሰቅለው ይተኩሱበት። ፍሬዎቹ በብዛት ባረፉበት ላይ 76 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሥሩና ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ። ወፏን የሚያህል ባዶ ቦታ ከታየ መጀመሪያ ቾኩን ይቀይሩ፤ ቁጥሩን ከዚያ በኋላ።