ጤፍ ሊገዙ መጥተው እህቴን አተረፉልኝ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ ምስጋና አለብኝ። መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ስንፍናዬን ይቅር በሉኝ።

ትናንት ማታ እህቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ነጭ ጋውን ለብሳለች። ሚድዋይፈሪ ተማሪ ናት፤ ሆስፒታል ለልምምድ የወጣችበት የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ጋውኑ ሰፍቷት እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል። ለእናቴ ሳሳያት "ዶክተር ሆነች እንዴ?" አለችኝ። "አይ፣ አዋላጅ ነው የምትሆነው" አልኳት። "እሱስ ይበልጣል" አለች፣ ሰባታችንንም ቤት ውስጥ የወለደችው እናቴ።

እኔ ግን ፎቶውን ሳይ ትዝ ያሉኝ አንድ ሽማግሌ መምህር ናቸው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ? አገሩ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። እህቴ ካላመጡት ጋር ቀረች። የጁቤ ከተማ ስትማር ደብተሯን ተውሶ የማያውቅ ልጅ አልነበረም፤ እሷ ናት እንግዲህ ወደቀች የተባለችው።

ያኔ ነው ጉድ የሠሩን። ስሙን አልጠራውም፣ ከተማውንም አልናገርም። ኮሌጅ ነን አሉ። ነጥብ ላልሞላላቸው ልጆች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጥ፣ ሪሚዲያል የሚሉት የማካካሻ ትምህርት አለ ስንላቸው ደግሞ እንዲህ አሉን፦ "ሪሚዲያል ምን ያደርግላታል? እኛ ጋ ፋውንዴሽን ትግባና በቀጥታ ነርሲንግ ዲግሪ ትቀጥላለች።" አባቴ ወይፈን ሸጠ። ለእርሻ ያሰበውን ወይፈን! ከፈልን። ክፍል ገባች፤ አስተማሪው አንድ ቀን ቢመጣ ሁለት ቀን ይቀራል። እውቅናችሁን አሳዩን ስንል "በሂደት ላይ ነው" አሉን። ሂደቱ እስካሁን ያለቀ አይመስለኝም። ገንዘቡን ስንጠይቅ ደግሞ ደረሰኙን ገልብጠው አሳዩን፤ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል "የተከፈለ አይመለስም" ይላል።

እግዜር ሲረዳ የሪሚዲያል መቁረጫ ነጥብ ወጣና ገባች። ምድቧም እዚሁ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እኔ ማርቆስ እህል ቤት አለኝ፤ ቅዳሜና እሁድ እኔ ጋ ትመጣለች። አለቀ ብለን ደስ አለን። የት ያልቃል! ሪሚዲያሉ አምስት ትምህርት ነበር፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። ከመቶው 30ውን ዩኒቨርሲቲው ይይዝ ነበር፤ 70ው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ነበር። ከ50 በታች ካመጣሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ቤት።

አስጠኚ ፈለግንላት። የመጀመሪያው ክፍሉን እንደ ሚኒባስ ጠቅጥቆ፣ ሀንድአውት በትኖ፣ ስልክ የሚያወራ ሰው ነበር። ኬሚስትሪው አልገባኝም ስትለው "ይሄ ያልገባሽ ጤና ምን ትሠሪያለሽ?" አላት። በሰው ፊት። ከዚያ በኋላ እጇን አውጥታ መጠየቅ ተወች።

አንድ ቅዳሜ ሱቄ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሀንድአውቱን ይዛ ታለቅሳለች። እኔ እንዳላየ ሆኜ እመዝናለሁ። ኮት የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ ሰው ጤፍ ሊገዙ ገቡ። ወረቀቱን አዩት።

"ሞል ነው ያስለቀሰሽ?" አሏት።

አንገቷን ነቀነቀች። ሞል የሚሉት ነገር እኔ ዛሬም በደንብ አይገባኝም፤ ዜሮው የማያልቅ ቁጥር ነው። እሳቸው ከዘራቸውን ጥግ አስደገፉና ከጆንያው ጤፍ ዘገኑ። መዳፏ ላይ አፈሰሱት።

"ቁጠሪው።"

"ኧረ ጋሼ፣ ጤፍ ይቆጠራል?"

"ወንድምሽ ታዲያ እንዴት ይሸጠዋል?"

"በሚዛን።"

"ጥሩ። ሺህ ፍሬ ጤፍና ሺህ ፍሬ ባቄላ ሚዛን ላይ እኩል ይወጣል?"

"አይወጣም።"

"ለምን? ቁጥሩ እኮ እኩል ነው።"

"የባቄላው ፍሬ ስለሚከብድ ነዋ።"

"በቃ። ሞል ማለት ቁጥሩ ነው፤ ግራሙ እንደየፍሬው ይለያያል። የማይቆጠረውን መዝነሽ ታውቂዋለሽ። የእህል ነጋዴ እህት ሆነሽ በዚህ ታለቅሻለሽ?"

ሳቀች። በወራት ውስጥ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው መዳፏን ገልብጠው ጤፉን አንድ ፍሬ ሳያፈሱ ወደ ጆንያው መለሱት። በዚህ ዋጋ እንኳን መዳፍ ሙሉ፣ ቁንጥርም ያሳሳል።

ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው ለካ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ቤታቸው ያስጠናሉ፤ ከስድስት ልጅ በላይ አይቀበሉም። ስንት እንከፍላለን ስላቸው መጀመሪያ የሀንድአውቱ ሰውዬ የሚያስከፍለውን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ተናደዱና ግማሹን አሉኝ።

ከሁሉ በላይ የወደድኩላቸው ግን እውነቱን መንገራቸው ነው። ያ ኮሌጅ ተብዬ ማር ያዘንብልን ነበር። እሳቸው ገና በመጀመሪያው ቀን ቁጭ አድርገው እንዲህ አሏት፦ "ሪሚዲያልን ብታልፊ የምትገቢው ፍሬሽማን፣ ማለት የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ነው እንጂ ጤና አይደለም። ጤና የሚደርስሽ ፍሬሽማን ላይ በምታመጪው ነጥብና በምርጫሽ ነው። ሕክምና ላይ ግፊያው ብዙ ነው። ነርሲንግም፣ ሚድዋይፈሪም፣ ፋርማሲም፣ ላቦራቶሪም አለ። አሁን ግን ስለሱ አታስቢ፤ የዛሬውን ጥያቄ ሥሪ።" እኔ ትሰበራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ማታ ቤት ስትገባ "አሁን ቢያንስ መንገዱን አወቅኩት" አለችኝ።

አለፈች። በጭንቅ አይደለም፣ ደህና አድርጋ። ፍሬሽማን ላይ ስትቸገርም ትደውልላቸው ነበር፤ አንድም ቀን "ከፍለሻል ወይ?" አላሏትም። ሚድዋይፈሪን የመረጠችው ራሷ ናት። ገና መውጫ ፈተና አለባት፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናም አለ። እሱን ስትደርስበት ትወጣዋለች።

ልጅ፣ እህት፣ ወንድም ሪሚዲያል ያስገባችሁ፣ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ ውሰዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱ! ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ከልክለውኛል፤ "ሰው ቤቴን ይሞላዋል" ብለው። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ሪሚዲያል ሳያስፈልግ በቀጥታ ጤና እናስገባለን የሚላችሁ ካለ ደግሞ ወይፈናችሁን ከመሸጣችሁ በፊት የእውቅናውን ወረቀት በዓይናችሁ እዩ። ወረቀቱንም ይዛችሁ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን ነው የተበላነው።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወይፈኑን ባይመልሱልንም ልጅቷን መልሰውልናል።

ዛሬ ጠዋት ጤፍ ሊወስዱ መጥተው ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉና ስልኩን አስጠግተው ብዙ ቆዩ። የሆነ ነገር ይላሉ ብዬ ስጠብቅ "እጅጌውን አሳጥሪው በላት" አሉኝ። "ስታዋልድ ይይዛታል።"