ማርቆስ ላይ የአፈር ብሎኬት ቤት ያሠራሁበት ልምድ፦ ግድግዳው አሪፍ ነው፣ ጣሪያው ያናድዳል

ደብረ ማርቆስ ላይ በተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ቤት ማሠራቴን የሰማ ሁሉ ይጠይቀኛል። እዚህ ልጻፈውና ልገላገል። የሠሩልኝን ልጆች ስም አልጠራም፣ ግማሹ ምስጋና ግማሹ ወቀሳ ስለሆነ።

ግድግዳውን በጣም ወድጄዋለሁ። አፈሩ የወጣው ከራሴ ግቢ ነው፤ ቀይ አፈር፣ ትንሽ አሸዋ ተጨምሮበት። ጉድጓዱም አልባከነም፣ ሴፕቲክ ታንክ ሆኗል። ከመጀመራቸው በፊት ከአፈሩ ጥቂት ወስደው ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ በጥብጠው አስቀመጡት። አሸዋው ቶሎ ታች ይወርዳል፣ ደቃቁ ከላይ ይቀራል፣ መጠኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህን ሳያደርግ ሥራ ልጀምር የሚል ከመጣ ሸኙት። መሬታችሁ ዋልካ ከሆነማ ጭራሽ አትሞክሩት። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እዚህ አገር ደግሞ አንዱ ሰፈር ቀይ ሆኖ ማዶው ጥቁር ስለሆነ ጎረቤት ሠርቷል ብሎ መግባት አያዋጣም።

ሲሚንቶው ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ነው። ብሎኬቱ በማሽን ይጨመቅና ጥላ ሥር ተደርድሮ፣ ተሸፍኖ፣ ውሃ እየጠጣ ይጠነክራል። እንደ ጡብ በእሳት አይተኮስም፣ ስለዚህ ለእሱ ሲባል ባሕር ዛፍ አይቆረጥም። እርስ በርሱ ስለሚቆላለፍ በየመደዳው ሞርታር አይፈልግም። እዚያ ላይ ነው ብሩ የሚተርፈው።

ማርቆስ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ የታኅሣሥን ሌሊት ለምታውቁት አልነግራችሁም። ወፍራሙ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። ንድፉን የሠራው ልጅም ይመስገን፦ የቤቱን ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሮ ትልልቆቹን መስኮቶች ደቡብ ላይ አደረጋቸው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ብርዱ በሚበረታበት ወር ሳሎኔ ድረስ ትገባለች። ባሕር ዳር የምትሠሩ ግን ይህን እንዳለ አትቅዱት። እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ስለሆነ የሚያስፈልጋችሁ ጥላና ከወዲያ ወዲህ የሚያልፍ ነፋስ ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው። “ኃይል ቆጣቢ ቤት” ብለው ሸጠውልኝ፣ ባዶ ቆርቆሮ መትተው ከሥሩ ስስ ኮርኒስ ለጥፈው ሄዱ! ግድግዳው የያዘው ሙቀት ሌሊቱን በጣሪያ ከወጣ ምኑን ቆጠበ? ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ክረምት ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ ስልክ ማናገር አይቻልም። ስጠይቃቸው “እሱ ሌላ ሒሳብ ነው” አሉ። ሌላ አናጺ ቀጥሬ ከኮርኒሱ በላይ ፎም አስደረብኩ፣ ልዩነቱ የዚያኑ ሌሊት ታወቀ።

ክፈፉም አጭር ነበር። የአፈር ግድግዳ ጠላቱ ውሃ ነው፤ የጎጃም ክረምት ደግሞ እንዴት እንደሚያወርደው ታውቃላችሁ። የድንጋይ መሠረቱን ከመሬት ከፍ አድርገውት ነበር፣ ለዚያ አልከሳቸውም፣ ግን ክፈፉ እንዲረዝም የተጨቃጨቅኩት እኔ ነኝ። አሸንዳም በግድ ነው ያስገባሁት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከጣለ፣ የሚፈሰው ሳይቆጠር 1,600 ሊትር ወደ ሮቶ ይገባል። ቧንቧው ሲጠፋ ትመሰግኑኛላችሁ።

ውል ስትፈርሙ ኮርኒስ፣ ፎም፣ ክፈፍና አሸንዳ አንድ በአንድ በጽሑፍ ይግባ። በቃል “እናደርጋለን” አትቀበሉ። ልጆቹ ግድግዳ ላይ እጃቸው ንጹሕ ነው፣ አጥሬንም የሰጠሁት ለእነሱው ነው። አጥር ጣሪያ የለውማ።